ከሜዳው ወደ ማይክሮፎኑ፦ ጫማ ስለ ሰቀሉ ተጫዋቾች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማህበር
ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የስፖርት ክፍሎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የቀድሞ ተጫዋቾችን አሰልጥኖ የጨዋታ ተንታኝና ኮሜንታተር ስለ ማድረግ



ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ዛሬ አዲስ አበባ ስታዲየም በሚባለው ሜዳ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተደረገ። ባዳዊ አብደልፈታህ በ35ኛው ደቂቃ ግብፅን መሪ አደረገ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ቢያደርግም፣ የተመልካቹ ደስታ ገና ሳይበርድ ባዳዊ በ75ኛው ደገመ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት ለሁለት አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ ጨምረው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ሉቺያኖም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ይህን ውጤት ኳስ ወዳድ ሁሉ ያውቀዋል። በ75ኛውና በ84ኛው ደቂቃ መካከል ግን ሜዳው ላይ ምን ተደረገ? የግብፅ ሁለተኛ ግብ ከተቆጠረ በኋላ የኢትዮጵያ ተከላካዮች መስመር ወደ ፊት ተጠጋ ወይስ ወደ ኋላ ሸሸ? አጥቂዎቹ ቦታ ተለዋወጡ? አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ከሜዳው ዳር ምን አሉ? መልሱ የነበረው እዚያው ከነበሩት ሰዎች ዘንድ ነው። ይድነቃቸው በ1979፣ መንግሥቱ ወርቁ በ2003፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ2015 ዓ.ም. አረፉ። ስለ ዘመናቸው በየአጋጣሚው የተናገሩት አለ። ምስሉን እያስቆሙ፣ እንቅስቃሴውን እየነጠሉ፣ ለሕዝብ የሚያስረዱበት ቋሚ ወንበር ግን በዘመናቸው አልተዘረጋላቸውም።

ልክ በ51ኛ ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከዛምቢያ ጋር ተጫወቱ። ዛምቢያ የወቅቱ ሻምፒዮን ነበረች። ሳላዲን ሰይድ ፍፁም ቅጣት ምት አመለጠው። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ ቀይ ካርድ አየ። የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን በ10 ሰው ቀርቶ፣ ከእረፍት በፊት ግብ ተቆጥሮበት፣ አዳነ ግርማ በ65ኛው ደቂቃ ባስቆጠረው ግብ 1 ለ 1 ወጣ። በአማርኛ ከተነገሩ የኳስ ታሪኮች መካከል እንደዚህ ያለ ልብ የሚያንጠለጥል ጥቂት ነው። ያን ምሽት የተጫወቱት ሰዎች ዛሬ በመካከላችን አሉ።

ይህ ደብዳቤ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጫማቸውን የሰቀሉ ኢትዮጵያውያን ተጫዋቾች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ በቅጡ ሰልጥነው፣ በውል ተቀጥረው፣ የእግር ኳስ ስርጭቱ ቋሚ ባለሙያ ይሁኑ። አልፎ አልፎ የቀድሞ ተጫዋች ስቱዲዮ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ይታያል። ከጨዋታው በፊት ግምቱን ይጠየቃል፤ ከጨዋታው በኋላ ስሜቱን ይጠየቃል፤ ተመስግኖ ይሸኛል። የእንግድነት ወንበር ግን ሙያ አይሆንም። የሚያውቀውን ነገር ለማስተላለፍ ጊዜ፣ ዝግጅትና መሣሪያ ይፈልጋል።

የቴሌቪዥን ካሜራ ኳሷን ይከተላል። ኳሷ በቀኝ መስመር ስትሄድ በግራ በኩል ያለው ተከላካይ ምን እያደረገ እንደሆነ ተመልካቹ አያይም። ተጫዋች የነበረ ሰው ግን ዓይኑ ወዴት ማየት እንዳለበት ያውቃል። የመሃል ተከላካይ የነበረው፣ ግቡ ከመቆጠሩ አራት ቅብብል ቀድሞ ማን ቦታውን እንደለቀቀ ይነግርሃል። ግብ ጠባቂ የነበረው፣ በቅጣት ምት ጊዜ ግድግዳው በግማሽ እርምጃ ስለተሳሳተ በረኛው ኳሷን ዘግይቶ እንዳያት ያሳይሃል። አጥቂ የነበረው ደግሞ ፍፁም ቅጣት ምት መቺው ወደ ኳሷ ሲንደረደር የቆመበትን እግርና የበረኛውን ክብደት አይቶ፣ ምቱ ከመመታቱ በፊት ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ይገምታል። ይህ እውቀት በንባብ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በዓመታት ልምምድ፣ በጉዳትና በሽንፈት የተገኘ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በሱፐርስፖርት በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምር፣ ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ፣ ከባሕር ዳር፣ ከድሬዳዋና ከሐዋሳ ሜዳዎች የተላለፉትን ጨዋታዎች ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ሰማ። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን ሆነ። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ደግሞ 29 ግብ አስቆጥሮ፣ ዮርዳኖስ ዓባይ በመብራት ኃይል ማሊያ በ24 ግብ ይዞት የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ያ ወጣት በተከላካዮች መካከል ክፍተት እንዴት እንደሚያገኝ፣ ሩጫውን መቼ እንደሚጀምር፣ ለምን በመጀመሪያ ንክኪ እንደሚመታ ለተመልካች ለማስረዳት ከዮርዳኖስ ዓባይ የተሻለ ማን ይገኛል? በአንድ የውድድር ዘመን 24 ግብ ያስቆጠረ ሰው የ25ኛውን ክብደት ያውቃል።

ሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ካገኙትም ከተሳሳቱትም መማር ይቻላል።

የእንግሊዙ ቢቢሲ "ማች ኦፍ ዘ ዴይ" የተባለውን ፕሮግራም የጀመረው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1964 ነው (ስለ ሌሎች አገሮች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረበት ዓመትም ይኸው ነው። በስድስት ዓመቱ፣ በ1970 የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ፣ ተፎካካሪው አይቲቪ ማልኮም አሊሰንን፣ ዴሪክ ዱገንን፣ ፓት ክሬራንድንና ቦብ ማክናብን በአንድ ስቱዲዮ አስቀምጦ ስለ ጨዋታዎቹ አከራከራቸው። ሁሉም ኳስ የተጫወቱ ሰዎች ነበሩ። ተመልካቹ ወደደው፤ ቴሌቪዥንም ከዚያ በኋላ ያለ ተጫዋች ስለ ኳስ ማውራት አቆመ። በዚያን ጊዜ በለንደን ዊክኤንድ ቴሌቪዥን ስፖርቱን ይመራ የነበረው ጂሚ ሂል ራሱ የፉልሃም ተጫዋች ነበር። የተጫዋቾች ማህበር ሊቀ መንበር ሆኖም የሳምንት ደመወዝ ከ20 ፓውንድ እንዳይበልጥ የሚያግደው ደንብ በ1961 እንዲነሳ ያደረገውን ትግል መርቷል። ለተጫዋቾች መብት የቆመው ሰውና ተጫዋቾችን ወደ ማይክሮፎን ያመጣው ሰው አንድ ሰው ነው።

ጋሪ ሊንከር በ1986 የዓለም ዋንጫ 6 ግብ አስቆጥሮ የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ጃፓን ናጎያ ላይ ጫማውን የሰቀለው በ1994 ነው። የ"ማች ኦፍ ዘ ዴይ" ዋና አቅራቢ የሆነው ደግሞ በ1999። በመካከሉ አምስት ዓመት አለ። በዚያ ጊዜ ስሙ ብቻውን በር ሊከፍትለት ይችል ነበር፤ ቢቢሲ ግን ከተንታኝነት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ አደረገው። ከዚያ እስከ 2025 ድረስ ወንበሩን ይዞ ቆየ።

ከሁሉ የበለጠ ለኢትዮጵያ የሚጠቅመው ምሳሌ ግን የአሌክስ ስኮት ነው። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን 140 ጊዜ የተሰለፈችው የአርሰናል ተከላካይ ገና እየተጫወተች በስታፈርድሻየር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ጽሑፍና ብሮድካስት ትምህርት ተማረች። ትምህርቱ የተዘጋጀው ዩኒቨርሲቲው ከእንግሊዝ የተጫዋቾች ማህበር ጋር ሆኖ ለተጫዋቾች ነው። በ2018 ጫማዋን ስትሰቅል ሙያዋ ዝግጁ ነበር፤ በዚያው ዓመት በሩሲያ የወንዶች ዓለም ዋንጫ የቢቢሲ ተንታኝ ሆና ቀረበች። ከሦስት ዓመት በኋላ የራሷን ፕሮግራም መምራት ጀመረች። ስሟ ብቻውን ያን ቦታ አላስገኘላትም፤ ከልምምዷ ጎን ለጎን ተምራለች።

ጉዳት የጣላቸውም አሉ። አየርላንዳዊው ጂም ቤግሊን የሊቨርፑል የግራ መስመር ተከላካይ እያለ በጥር 1987 ከኤቨርተን ጋር በተደረገ ጨዋታ እግሩ ተሰበረ፤ ለሊቨርፑል ዋና ቡድን ዳግም አልተሰለፈም። ዕድሜው ገና 23 ነበር። ያ ሰው ከዋናው ኮሜንታተር ጎን ተቀምጦ ለዓመታት ተንትኗል፤ ድምፁ በቪዲዮ ጌም ሳይቀር የገባ ባለሙያ ሆነ። የናይጄሪያው ኤፋን ኤኮኩ ደግሞ በ1993 ለኖርዊች በኤቨርተን ላይ 4 ግብ አስቆጥሮ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በአንድ ጨዋታ አራት ያገባ የመጀመሪያው ተጫዋች ነው። ለዓለም በሚሰራጨው የእንግሊዝኛ ስርጭት ላይ ድምፁ የተለመደ ሆኗል። በየሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ ኳስ ያየ ኢትዮጵያዊ ስሙን ባያውቀው እንኳ ድምፁን ሳይሰማው አይቀርም።

በግብፅ የ1990 ዓለም ዋንጫ ግብ ጠባቂ አህመድ ሹበይር ጓንቱን ካወለቀ በኋላ የታወቀ የቴሌቪዥን አቅራቢ ሆነ። በ2006ና በ2008 የአፍሪካ ዋንጫ ያነሳው መሐመድ አቡትሪካ በቢኢን ስፖርትስ የዓረብኛ ስርጭት ተንታኝ ነው። ካይሮ ውስጥ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰው በ2008 ፍጻሜ ካሜሩን ላይ የማሸነፊያዋን ግብ ካስቆጠረው ሰው አፍ፣ በገዛ ቋንቋው፣ ስለ ኳስ ይማራል። የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛና የሶማሊኛ ተመልካች ከዚህ ያነሰ የሚገባው አይደለም።

ታዲያ ስህተቶቹስ?

ጥሩ ተጫዋች ሁሉ ጥሩ ተናጋሪ አይደለም፤ ጥሩ ተንታኝም ሁሉ ጥሩ አሰልጣኝ አይደለም። ጋሪ ኔቭል ከ2011 ጀምሮ በስካይ ስፖርትስ የሰኞ ምሽት ፕሮግራም ላይ ስክሪን እየነካ፣ ምስል እያስቆመ፣ የተንታኝነትን ደረጃ ከፍ አድርጎታል። በታኅሣሥ 2015 የቫሌንሲያ አሰልጣኝ ሆኖ ሲሄድ ግን በ16 የላሊጋ ጨዋታዎች 3 ብቻ አሸንፎ፣ በኮፓ ዴል ሬይ በባርሴሎና 7 ለ 0 ተሸንፎ፣ በአራት ወር ውስጥ ተሰናበተ። ወደ ስቱዲዮው ሲመለስ ግን ተንታኝነቱ አልቀነሰም። መተንተን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በራሱ መመዘኛ ይለካል። በኢትዮጵያም "አሰልጣኝ ያልሆነ ምን ያውቃል?" ወይም "ታዋቂ ስለሆነ ይናገር" የሚሉት ሁለት አመለካከቶች እኩል ስህተት ናቸው።

ተንታኝ አቋም ሊኖረው ይገባል፤ አቋም ያለው ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ነሐሴ 1995 ማንቸስተር ዩናይትድ በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ሲሸነፍ፣ የቀድሞው የሊቨርፑል ተከላካይ አላን ሃንሰን በልጆች የተሞላ ቡድን ዋንጫ እንደማያነሳ በአየር ላይ ተናገረ። ቤካም፣ ስኮልስ፣ ባትና የኔቭል ወንድማማቾች የነበሩበት ያ ቡድን በዚያው የውድድር ዘመን ሊጉንም የኤፍኤ ዋንጫውንም ወሰደ። ሃንሰን በዚህ አልተባረረም፤ እስከ 2014 ድረስ ሠራ። ያየውን በግልጽ ስለሚናገርና ምክንያቱን ስለሚያስረዳ ተመልካቹ አምኖት ቆየ። ነገ የኢትዮጵያ ተንታኝ ስለ አንድ ክለብ የተናገረው ሲሳሳት፣ ወይም ሳይሳሳት የክለቡን አመራር ሲያስቆጣ፣ ጣቢያው ከኋላው ሊቆም ይገባል። ክለብ ስልክ ደውሎ የሚያስወርደው ተንታኝ ምንም አይተነትንም።

ይቅር የማይባሉ ስህተቶችም አሉ። ተንታኙ ሮን አትኪንሰን በ2004 ማይክሮፎኑ የተዘጋ መስሎት ስለ ማርሴል ደሳይ ዘረኛ ቃል በመናገሩ ከአይቲቪ ለቀቀ። ለኤቨርተንና ለአስቶን ቪላ አጥቂ የነበረው አንዲ ግሬይ የስካይ ስርጭት ዋና ድምፅ ሆኖ ለሃያ ዓመት ገደማ ከሠራ በኋላ፣ በጥር 2011 ስለ አንዲት ሴት ረዳት ዳኛ የተናገረው የንቀት ቃል ይፋ ከወጣ በኋላ ተባረረ። ሁለቱም ኳስን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በብሔር፣ በሃይማኖትና በጾታ ላይ አንድ ቃል ስታዲየም በሚያናውጥበት አገር፣ ማይክሮፎን የሚሰጠው ሰው ስለ ሥነ ምግባር መሰልጠኑ የግድ ነው። ምጣዱ ሳይግል የተጋገረ እንጀራ ዓይን አያወጣም፤ ሳይሰለጥን አየር ላይ የወጣ ተጫዋችም እንዲሁ ነው። የሚወቀሰው ግን ያላሰለጠነው ክፍል ሊሆን ይገባል።

ጋዜጠኞች በዚህ ሐሳብ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ቅሬታቸው መሰማት አለበት። የኢትዮጵያ ሕዝብ ኳስን በጆሮው መውደድ የተማረው ከጋዜጠኞች ነው። በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍፁም ቅጣት ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስታነሳ፣ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ በየቤቱ የገባበት መንገድ ዛሬም ይወሳል። ያ ጥበብ የትረካ ጥበብ ነው፤ ትንፋሽን መቆጣጠር፣ የቃላት ምርጫ፣ ግቡ ሲቆጠር የሚመጣውን ስሜት መሸከም ይጠይቃል። የቀድሞ ተጫዋች ያን ወንበር እንዲነጥቅ ማንም አልጠየቀም።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። ዋናው ኮሜንታተር ምን እየሆነ እንዳለ ይናገራል፤ ኳሷ ስትቆም፣ ድጋሚ ምስል ሲታይ፣ ተጫዋች ሲቀየር፣ ከጎኑ ያለው የቀድሞ ተጫዋች ለምን እንደሆነ ያስረዳል። ኳሷ ወደ ግብ ክልል ስትገባ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ዝም ይላል። ይህ ዲሲፕሊን በልምምድ ይገኛል። ጋዜጠኛው ጥያቄ መጠየቅ፣ ጊዜ መጠበቅ፣ አድማጭን ማክበር ያስተምራል፤ ተጫዋቹ ደግሞ ለጋዜጠኛው ሜዳውን ያስነብበዋል።

የኑሮው ጉዳይም አለ። በድሮው ጊዜ መቻል የሠራዊቱ፣ ኦሜድላ የፖሊስ፣ መብራት ኃይል የኤሌክትሪኩ፣ ንግድ ባንክ የባንኩ ክለብ ስለነበር ብዙ ተጫዋች የተቋሙ ሠራተኛ ሆኖ፣ ኳስ ሲያቆም እንኳ መሥሪያ ቤቱ ይጠብቀው ነበር። ዛሬ ተጫዋች በውል ይኖራል። ውሉ በ33 ወይም በ35 ዓመቱ ሲያልቅ፣ ልጆቹ ገና ትምህርት ቤት ሳሉ፣ አዲስ ሕይወት መጀመር አለበት። አሰልጣኝነት ለሁሉ አይበቃም፤ በአንድ ሊግ ያሉት ዋና አሰልጣኞች ከሃያ አይበልጡም። ስርጭቱ እየሰፋ ሲሄድ በየሳምንቱ በርካታ ጨዋታዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ጨዋታ የሚያስረዳለት ባለሙያ ይፈልጋል።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ የሚከተሉትን በአክብሮት ይጠይቃል።

አንደኛ፣ ፌዴሬሽኑና የሊጉ አክሲዮን ማህበር ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት ጋር ተነጋግረው ለተጫዋቾች የሚሆን የብሮድካስት ሥልጠና ያዘጋጁ። ሥልጠናው ገና በመጫወት ላይ ላሉትም ክፍት ይሁን፤ በውድድር ዘመኑ መካከል ባለው እረፍት ሊሰጥ ይችላል። ይዘቱ የድምፅ አጠቃቀምን፣ ጥርት ያለ ቋንቋን፣ የጨዋታ ሕግጋትን፣ ምስል ቆርጦ ማስረዳትን፣ ቁጥርን ማንበብንና የመገናኛ ብዙኃን ሥነ ምግባርን ያካትት። የሚያስተምሩት ነባር ጋዜጠኞች ቢሆኑ ከላይ የተነሣው ቅሬታም መልስ ያገኛል።

ሁለተኛ፣ ጣቢያዎች ለተንታኞቻቸው የጽሑፍ ውል ይስጡ። ክፍያው፣ የሥራው ሰዓትና የዝግጅት ጊዜው በውሉ ላይ ይስፈር። ተንታኝ ከጨዋታው ሁለት ሰዓት በፊት ደርሶ አሰላለፉን ማጥናት፣ የሁለቱን ቡድኖች የቅርብ ጨዋታዎች ማየት አለበት። ለትራንስፖርት ብቻ ተከፍሎት በዕለቱ የተጠራ ሰው ይህን እንዲያደርግ አይጠበቅም።

ሦስተኛ፣ የጥቅም ግጭት በግልጽ ይነገር። ለቅዱስ ጊዮርጊስ አሥር ዓመት የተጫወተ ሰው ክለቡ ከኢትዮጵያ ቡና ጋር የሚያደርገውን የሸገር ደርቢ ሲተነትን ተመልካቹ ይህን አውቆ ይስማው። የክለብ ኃላፊነት ያለው፣ ተጫዋች የሚወክል ወይም በዝውውር ላይ ድርሻ ያለው ሰው ግን በሚመለከተው ጨዋታ ላይ ወንበሩን ለሌላ ይልቀቅ።

አራተኛ፣ ሴቶች ከመጀመሪያው ጀምሮ ይግቡ። የሴቶቹን ብሔራዊ ቡድን፣ የሉሲዎቹን፣ ማሊያ ለዓመታት የለበሱ ተጫዋቾች አሉ፤ ኳስ የሚያዩበት ዓይን ከወንዶቹ አያንስም። የሴቶች ሊግን ብቻ እንዲተነትኑ መወሰን ተገቢ አይደለም፤ አሌክስ ስኮት የተቀመጠችው የወንዶች ዓለም ዋንጫ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ዳኞችም አይረሱ። በሴቶች ዓለም ዋንጫ የዳኘችው ሊዲያ ታፈሰን የመሰለ ባለሙያ ባለበት አገር፣ አንድ አወዛጋቢ ፍፁም ቅጣት ምት ሲሰጥ ሕጉን ጠቅሶ የሚያስረዳ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ መጥፋት የለበትም። በእንግሊዝ የቀድሞ ዳኞች ይህንኑ ሥራ በመደበኛነት ይሠራሉ። በሕጉ ላይ የተመሠረተ ማብራሪያ በወቅቱ ከተሰጠ፣ በዳኛ ላይ የሚነሣውን ቁጣም ያበርዳል።

አምስተኛ፣ ቋንቋው አንድ ብቻ አይሁን። ከድሬዳዋ፣ ከአዳማ፣ ከጅማ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከመቀሌ የወጡ ተጫዋቾች ሁለትና ሦስት ቋንቋ ይናገራሉ። በየቋንቋው የሚሰራጩ ጣቢያዎች ከአካባቢያቸው ሜዳ የወጣውን ሰው ቢቀጥሩ፣ የሰፈሩ ልጅ የሚያውቀውን ድምፅ ይሰማል።

ስድስተኛ፣ ያረጁትን ለመቅረጽ አንድ ቀንም አይባከን። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ተጫዋቾች፣ የ1980ውን የሴካፋ ዋንጫ ያነሱት፣ በየቤታቸው አሉ። አንዳንዶቹ በውጭ አገር ይኖራሉ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በሚያካሂደው ዓመታዊ ውድድር ላይ የቀድሞ ተጫዋቾች በእንግድነት እየተጋበዙ ይከበራሉ። ያ መድረክ ካሜራ ላለው ሰው ትልቅ ዕድል ነው። ማህደር ውስጥ የተረፈ ፊልም ካለ በፊታቸው ተከፍቶ እያዩት ያስረዱት፤ ፊልም ከሌለ ሰሌዳ ላይ እየሣሉ ያስረዱት። የተቀረጸው ለወጣት ተንታኞች መማሪያ ይሆናል፤ ለአሰልጣኞች ሥልጠናም ይጠቅማል።

ገንዘብ የለም የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ለመጀመር የሚያስፈልገው ግን ብዙ አይደለም። ለመጀመሪያው ዙር 12 ሰው ይበቃል፦ ሁለት ግብ ጠባቂ፣ ሦስት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሁለት አጥቂ፣ ሁለት ዳኛ። ከእነዚህ መካከል ቢያንስ አራቱ ሴቶች ይሁኑ። ለሥልጠና የሚሆን ክፍል ዩኒቨርሲቲው አለው፤ ልምምድ የሚደረግበት ስቱዲዮ ጣቢያዎቹ አላቸው፤ የሚተነተኑት ጨዋታዎች ተቀርጸው ይገኛሉ። ሠልጣኞቹ መጀመሪያ ያለ ስርጭት፣ በተቀረጸ ጨዋታ ላይ ይለማመዱ። ቀጥሎ በዝቅተኛው ሊግ ጨዋታዎች ላይ ይሞከሩ። የተሻሉት ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ስርጭት ይምጡ፤ ያልሆነላቸውም ሌላ ሥራ ላይ የሚጠቅማቸውን ትምህርት ይዘው ይሄዳሉ።

አመራረጡም በጓደኝነት እንዳይሆን ማስታወቂያ ይውጣ፤ ድምፅና ትንተና በፈተና ይለካ። ታዋቂው አጥቂ ወድቆ ስሙ ብዙ ያልተነሣ የመስመር ተከላካይ ቢያልፍ ውጤቱ ይከበር። ከታላላቆቹ ተንታኞች መካከል ኮከብ ያልነበሩ፣ ግን ጨዋታውን በጥንቃቄ የሚያነቡ፣ በርካታ ናቸው።

ፌዴሬሽኑ፣ የሊጉ አክሲዮን ማህበርና የስፖርት ክፍሎቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ከእነዚህ ስድስት ጥያቄዎች የትኛውን በዚህ ዓመት፣ የትኛውን በሚቀጥለው እንደሚፈጽሙ እንዲወስኑ ይጠየቃሉ። ውሳኔያቸውን የሚቀጥለው የውድድር ዘመን ከመከፈቱ በፊት ለሕዝብ በጽሑፍ ቢያሳውቁ፣ ተጫዋቾቹም ጋዜጠኞቹም እንዲዘጋጁ ጊዜ ያገኛሉ። የሥልጠናው የመጀመሪያ ማስታወቂያ ሲወጣ በየክለቡ መልበሻ ክፍል፣ በሴቶቹም በወንዶቹም፣ እንዲለጠፍ ይደረግ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር